ጀላል ቤት የገባችው ባለሙያ

ይግቡ ጋሽ አብዱሰመድ፣ ይግቡ! በሩ ክፍት ነው። የእኔ በር መቼ ተዘግቶ ያውቃል?... ቢዘጋም ገፋ አድርጎ የሚያይልኝ ሰው አላጣም። እዚህ ይቀመጡ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው። ፀሐይ ያለው እዚህ ጋ ነው። የደባርቅን ብርድ እርስዎ ያውቁታል፤ ጥርም ሆነ ሐምሌ ለአጥንት ያው ነው። ሻይ ይጠጣሉ? ዝንጅብል አለው። እኔው ነኝ ያፈላሁት፤ አይፍሩ፣ ሻይ እንኳ ማሳረር አቁሜያለሁ።

ድምፄ ከፍ ካለብዎት ይቅርታ። ያ ወፍጮ ቤት ሲጮህ አያሰማም እኮ... ዛሬ አይፈጭም እንዴ? መብራት የለም? እንግዲያው ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ገበያው እንዴት ዋለ? የእርስዎ ጫማ መቼም ይሸጣል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ የለም። የእኔ ድስት ነው ተደራርቦ የቀረው። ሃያ ዓመት ሙሉ ድስት ስሸጥ፣ «ይህ አያሳርርም፣ ይህ አይዝም» እያልኩ ለደባርቅ ሴት ሁሉ ስምል ኖሬ፣ ድስት ውስጥ ምን እንደሚገባ አላውቅም ነበር። አሁን ሳውቀውማ አፌ ተያዘ። ባለፈው አንዲት ከመካነ ብርሃን የመጣች ሴት «ወንድሜ፣ ያሳርራል ወይ?» ብትለኝ፣ «እህቴ፣ ድስቱ ምን በወጣው፤ የሚያሳርረው ሰው ነው» ብዬ ሳትገዛ ሰደድኳት።

ሱቅ ጎረቤቶቼ «ሼፍ ጀላል» ይሉኛል አሉ። እርስዎ አላሉም፤ እርስዎ ደግ ነዎት። ደግሞ ቢሉስ? ስም ከሰው ሲወጣ ነው የሚያምረው። ብቻ ሰው ታሪኩን ከመሃሉ እየጀመረ ነው የሚነግርዎትና፣ ከስሩ ልንገርዎት። ሻይዎ እስኪበርድ።

ባለቤቴ ፈይዛ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና የዚህን ከተማ ስንቱን ልጅ በእጇ እንደተቀበለች ያውቃሉ። ደረጃዋን የምታሻሽልበት ትምህርት ጎንደር ደረሳት። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ በየሳምንቱ መመላለስ አይቻልም። «ሂጂ» አልኳት፣ «ልጆቹን ለእኔ ተይልኝ።» ምን ያለ ጀግና! ሁዳ አራተኛ ክፍል ናት፣ ሳፊያ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቃነቀም፤ ድስት ነጋዴ ቤት ረሃብ ይገባል ብሎ ማን ያስባል?

መጀመሪያ ከምግብ ቤት ሽሮ እያመላለስኩ አበላኋቸው። ሁዳ ቻለችው። ሳፊያ ግን አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጋ «አልፈልግም» አለች። በማግስቱም «አልፈልግም።» በሦስተኛው ቀን ጉንጯ ጎደለብኝ። «ምን ትፈልጊያለሽ የኔ እናት?» ብላት «የእማዬን ዶሮ» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ከዶሮ የማውቀው ቢስሚላሂ ብሎ ማረዱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የፈይዛ አገር ነው፤ ድንበሩን ተሻግሬ አላውቅም። ተሻገርኩ። ስንት ሽንኩርት እንደሚገባ ማንን ልጠይቅ? የገበያ ወንድ ተጠይቆ ሳቅ ሊያተርፍልኝ? በግምት ከተትኩት። ሽንኩርቱ ሲጠቁር በስሏል ብዬ በርበሬውን ደፋሁበት። ያ አላህ! እኔ አነጠስኩ፣ ልጆቹ አነጠሱ፣ ድመቷ አነጠሰች... ከአጥሩ ማዶም አንድ ሰው ሲያስነጥሱ ሰማሁ። «ይርሐሙኩሙላህ» አልኩ ከዚህ ሆኜ። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው፤ ያንተን በርበሬ አብሮህ ያነጥሳል።

ዶሮይቱን አሥራ ሁለት ብልት አደርጋለሁ ብዬ የጀመርኩትም ነገር አለ። አይጠይቁኝ። ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ ይላሉ፤ እኔ ቤት ሴት ጠፍታ ዶሮው ጠነዛ። ሳፊያ አንዴ ቀምሳ «ይህ የእማዬ አይደለም» አለች። ልጅ እኮ አይዋሽም፤ ለመዋሸት ዕድሜ ይጠይቃል... አንዳንዱ ሰው ሸምግሎም ዕድሜ የሚጨመርለት ለዚያ ይሆን?

ያኔ ነው ብልጠት የመጣልኝ። «ጀላል» አልኩ ለራሴ፣ «የፈይዛን ዶሮ ከሠራህ ከፈይዛ ጋር ትለካለህ። የሕንድን ዶሮ ብትሠራ ግን ደባርቅ ላይ ማን ሊለካህ ነው? ቢጠቁር፣ ‹እዚያ አገር ጥቁር ነው› ትላለህ። ቢመርም ‹ሕንዶች ሲመር ነው የሚወዱት› ትላለህ።» የማይታወቅ ምግብ አይበላሽም፣ ጋሽ አብዱሰመድ! ሰነፍ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ይደበቃል ይባል የለ? እኔ ከወጥ ቤቴ ሳልወጣ ተደበቅኩ።

ከሕንድ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ የምግብ ትምህርት ከፍቼ፣ ድስት ክዳን ላይ አስደግፌ፣ ዶሮይቱን በእርጎና በእርድ ዘፈዘፍኩ። እርዱ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ሲናገሩ መብራት ጠፍቶ አውታሩ ተቋረጠ፤ የቀረውን በእምነት ጨረስኩት። ቢጫ ሆነ። ዶሮው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እጄ፣ የበሩ እጀታ፣ የሳፊያ ጆሮ ሳይቀር ቢጫ ሆነ። በማግስቱ ሱቅ ስከፍት ሸጋው፣ ያ ጋቢ ሻጩ፣ አየት አደረገኝና «ጀላል፣ የወፍ በሽታ ይዞሃል እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፣ «ወፏ ግን ዶሮ ናት።»

ደግሞ ስልኩ «ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል» ይላል። ለየትኛዋ ዶሮ? ለእነሱዋ ይበቃ ይሆናል፤ ቆማ ተቀልባ፣ ተኝታ ወፍራ። የእኛዋ ዳገት ስትወጣ ያደገች ናት። ሁለት ሰዓት ቀቅያት ክዳኑን ሳነሳ እግሯን ዘርግታ ወደ ጨነቅ ተራራ ለመውጣት የተነሳች ነበር የምትመስለው። ሁዳ በጥርሷ ይዛ ስትጎትት ቆይታ «አባዬ፣ ይቺ ዶሮ በቅሎ ነድታ ታውቃለች?» አለችኝ።

ቀጥሎ ቻይና ሄድን። ማርና ሎሚ ነበረኝ። አንድ ጥቁር ፈሳሽ ይጨመር አሉ፤ ደባርቅን ዞርኩ፣ የለም። ጥቁር ከሆነ ብዬ ሻይ አወፍሬ ጨው ከተትኩበትና አፈሰስኩት... ኧረ ይሳቁ! እኔም ስቄበታለሁ። ሁዳ አንድ ጎርሳ አሰበች አሰበችና «አባዬ፣ ቻይናዎቹ መንገድ እንሠራለን እያሉ ከአገራቸው የሚወጡት ለዚህ ነው?» አለች። ሳፊያ ግን ሳቀች። እናቷ ከሄደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እየሳቀች ሳታውቀው ቁራጭ ዋጠች፤ ደገመች። ይህን ባየሁ ጊዜ ወስኜ ቀረሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቅ ቀድሜ እየተመለስኩ አንድ አገር እናዳርስ ጀመር። «አባዬ፣ ዛሬ የት ነን?» ብለው በር ላይ ይጠብቁኛል። ፓስፖርት የለ፣ ሻንጣ የለ።

ይህን ሁሉ ግን ብቻዬን እንዳደረግኩት አይቁጠሩ። አንድ ደግ ሰው አጠገቤ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ መልካም ሥራ በስም ሲጠራ ምንዳው ይቀንሳል ይባል የለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አፍንጫ ግን፣ ጋሽ አብዱሰመድ፣ ለጎረቤት ሥጋ ዘመድ ነው። የእኔ ድስት ገና ሳይሞቅ እሳቸው በር ላይ ናቸው። «ጨው አለቀብኝ ልጄ።» በሌላው ቅዳሜ «ክብሪት አለቀብኝ።» በዚያ ሰሞን እሳቸው ቤት ያለቀውን ጨው አፋር ሙሉ ቢቆፈር አይተካውም ነበር! ጨው ሊበደሩ ገብተው ከጨው ዕቃው በቀር ያላዩት ዕቃ የለም። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ እንኳ አስተካክለውልኛል። እንዲህ ያለ እናትነት ከየት ይገኛል?... ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚሉት ሰዎች ጎረቤት ኖሯቸው አያውቅም ማለት ነው። እኔን አክብረውኝ ነው የነቀነቁት።

ያ ከአጥሩ ማዶ የነበረው የባልዲ ድምፅ ቀጥ አለ አይደል? ውሃው ሞልቶ ይሆናል። ይጠጡ እንጂ ሻይዎን።

ታዲያ እስከዚህ ድረስ ታማኝ ባል ነበርኩ። ያሳረርኩ ጊዜ ሁሉ ታማኝ ነበርኩ! ጭስ ካለ እሳት አለ ይላሉ፤ እኔ ቤት ጭስ ብቻ ስለነበረ ማንም ምንም አላለም። ያጠፋኝ ማንዲ የሚሉት የየመን ሩዝ በዶሮ ነው። ሳውዲ የምትኖር አንዲት ያገራችን ልጅ በስልክ ምግብ ታስተምራለች፤ በአማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ውዶቼ» እያለች። እሷን አገኘሁ። የደባርቅን ዶሮም ጠባይ ለምጄዋለሁ፤ ከጠዋት ጀምሬ በቀስታ ቀቀልኳት። ሩዙን በዶሮዋ መረቅ አበሰልኩት። በመጨረሻ የጋለ ከሰል በትንሽ ዕቃ መሃሉ አስቀምጬ፣ ጠብታ ዘይት አድርጌበት ክዳኑን ገጠምኩ። ስከፍተው... ወላሂ እኔ ራሴ ዞር ብዬ ማን ሠራው ብዬ ፈለግኩ።

ሳፊያ በላች። ጨምርልኝ አለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሽንኩርት የምከትፍ መሰልኩ፤ ሽንኩርት እኮ አልነበረም።

እሳቸውም መጡ። በዚያን ቀን ምን እንዳለቀባቸው ረሳሁት። አጎረስኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡና «ማሻአላህ! የማን እጅ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ» አልኩ።

ሳቁ። «ጀላል፣ እኔ እናትህ አይደለሁ? የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው እትዬ፣ በአላህ ስም! ሁዳን ይጠይቋት።»

«ወንድ እጅ እንዲህ አይጣፍጥም ልጄ» አሉና ጉንጬን ዳሰስ አደረጉኝ። «አይዞህ፣ እኔ ምን አገባኝ። አላህ የፈቀደው ነገር ነው።»

አላህ የፈቀደው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ምን ያድርጉ እሳቸውስ? ምግቡ አረረ እንዳይሉ አላረረ፤ ለእኔ እንዳይሰጡት ወንድ ነኝ። የሆነች ባለሙያ ሴት ቤቱ ውስጥ መኖር ነበረባት። ስላልነበረች ፈጠሩልኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ራሰ በራ፣ በዚህ ቦርጭ ሁለተኛ ኒካሕ አሰሩልኝ! ሰርግ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሙሽራ የለ። እኔ ስንት ዓመት ደፍሬ ያላሰብኩትን በአንድ ጉርሻ ጨረሱት። እንዲህ አድርጎ ሰውን ከፍ የሚያደርግ የት አለ?

ለራሳቸውም አላስቀሩትም። ደግ ሰው ያገኘውን ብቻውን አይበላም። ለፈይዛ ደወሉላት። ያሏትን እሷ ኋላ ቃል በቃል ነግራኛለች፤ ይስሙት፣ ማር ነው። «ልጄ ፈይዛ፣ ስለ ቤትሽ ምንም አታስቢ። ጀላል ወዙ ተመልሷል። ያቺ የምትሠራለት ልጅ እጇ ይጣፍጣል፤ ልጆቹም ለምደዋታል። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ የሰው ቤት ጉዳይ አልወድም። አንቺ ትምህርትሽን ብቻ።»

...አዩ? ክፉ ቃል ካገኙበት ያውጡልኝ። አንድም የለም። ስለ ትምህርቷ ሳይቀር አስበውላታል።

እኔ ይህን ሁሉ መች አውቄ። በቅዳሜው ቱርክ ለመሄድ ተዘጋጅቻለሁ። ነጭ ልብስ ለብሼ ስለነበር የፈይዛን ሽርጥ አገለደምኩ፤ የዶሮ ላባ ራሰ በራዬ ላይ እንዳይለጠፍ የእሷኑ ሻሽ ጠመጠምኩ። እንዴት እንደነበርኩ ያስቡት። ሁዳ ቲማቲም ትፈቀፍቃለች፣ ሳፊያ ስልኩን ይዛልኛለች፣ ያቺ የሳውዲዋ ልጅ ታስተምረናለች።

ፈይዛ ደግሞ በዚያው ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጎንደር ተነስታ፣ ዳባት ላይ ሌላ ሰው እስኪሞላ ተቀምጣ ተቃጥላ፣ ደባርቅ ገባች። ባጃጅ እንኳ አልያዘችም። አጥሩ ጋ ስትደርስ ከገዛ ወጥ ቤቷ የሴት ድምፅ ሰማች።

«እሺ ውዶቼ፣ አሁን ደግሞ በቀስታ እናገላብጠዋለን... አይዟችሁ፣ እኔ እያለሁላችሁ አትራቡም!»

የእኔንም ድምፅ ሰማች፤ «እሺ እህቴ፣ ቆይ ትንሽ ጠብቂኝ» እያልኩ። ስልክን ማናገር ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው፤ ከማን ጋር ላውራ?

በሩ ተበረገደ። ፈይዛ አንድ ጫማዋ እግሯ ላይ፣ አንዱ እጇ ላይ። «የታለች?»

እኔ ዶሮዋን ከሁለት እግሯ ይዤ ቆሜያለሁ። የጠየቀችኝ ስለ ዶሮዋ መስሎኝ «ይቺውና» ብዬ ከፍ አደረግኩላት።

«ጀላል፣ አትቀልድብኝ! ሴትየዋ የታለች?»

ሳፊያ ስልኩን እንደያዘች ሮጣ ጉልበቷን አቀፈቻት። «እማዬ፣ እንኳን መጣሽ! ዛሬ ቱርክ ነን!» ያቺም ከስልኩ ውስጥ «ከወደዳችሁት ለጓደኛ አጋሩ ውዶቼ» አለች።

ፈይዛ ስልኩን አየች። ሻሿን አየች፣ ሽርጧን አየች፣ እኔን አየች። አሁን ትስቃለች ብዬ እኔ ቀድሜ ሳቅኩ። አልሳቀችም። በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜም አልገባኝም። ማልቀሷ ናፍቃን ነው ብዬ ዶሮዋን እንደያዝኩ ላቅፋት ሄድኩ።

«ጀላል» አለች፣ «የመጨረሻው ፈተና ዛሬ ጠዋት ነበር።»

ያ ሁሉ ወር ያደረችበት ትምህርት፣ ጋሽ አብዱሰመድ። የተግባር ፈተና ነው፤ በስልክ አይሰጥም፣ በእጅ ነው። ስሟ ሲጠራ እሷ ሚኒባስ ላይ ነበረች።

እኛ እንዲያ ሆነን ሳለን እኒያ ደግ ሰው ደረሱ። ነጠላቸውን እንኳ አላጣፉም። «የሰው ድምፅ ሰማሁ ብዬ ነው፤ ደኅና ናችሁ?» መሃላችን ተቀመጡ። «ትዳር ትዕግሥት ነው» አሉ። «ወንድ ልጅ ያው ወንድ ልጅ ነው፣ ፈይዛዬ፤ ቻይው» አሉ። እየመከሩን በወጥ ቤቱ በር ጀርባ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ሌላ ዶሮ ካለ ብለው ይሆናል። ሁዳ «እትዬ፣ እኮ የሚሠራው አባዬ ነው፣ ነግሬዎት ነበር» ስትላቸው ራሷን ዳሰሷት። ምግቡም ቀረበ፤ እንግዳ እያለ እንዴት ይቀራል? ፈረሰኛውን አነሱ። በሉ። «ከሴት እጅ አይለይም» አሉ። ሞገሱን አልነፈጉኝም። ሲወጡ ደግሞ «እኔማ ለመልካም ብዬ ነው የደወልኩት» አሉ።

ለመልካም ነው እንጂ! ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ለሌላው ሰው ነው። የእሳቸው ቃል ከአፋፉ ቢወድቅም ሌላ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው፤ እሳቸውን ምን አገኛቸው?

ፈይዛ ሰኞ ጎንደር ተመልሳ ለመነች። «ከሚቀጥለው ዙር ጋር» አሏት። እነሱም ደንብ አላቸው፤ ምን ብላ ትንገራቸው? «የባሌ ማንዲ ጣፈጠ» ትበል? ተመልሳ መጣች። ለብዙ ቀን ፊቴን አላየችም። እኔ ተቆጥታ መሰለኝና ድስቶቼን እያጠብኩ፣ እቃ እያስተካከልኩ ሳባብላት ከረምኩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሩዙን ጎረሰችና «ጨው በዝቶበታል» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «ጀላል፣ የተነገረኝን ያመንኩት አንተን ንቄ አይደለም። ይህን ትችላለህ ብዬ ስላላሰብኩ ነው» አለችኝ።

ይሳቁ እንጂ ጋሽ አብዱሰመድ፣ ሰው ይስቅበታል ብዬ እኮ ነው የማወራው! ሁለተኛ ሚስት ማግባቴን ለማመን አንድ ስልክ በቃት። ሩዝ መቀቀሌን ለማመን ግን በዓይኗ አይታ አልበቃትም፣ ቀምሳ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ባል ነኝ። እሷም ራሷን ይቅር ማለት አቃታት። «ሁዳን ጠይቄ ቢሆን፣ ለአንተ ደውዬ ቢሆን» ትላለች ብቻዋን ስትሆን። ስስቅ አብራኝ ትስቃለች፤ ከዚያ ተነስታ ደብተሮቿን ታገላብጣለች።

ግን አልሃምዱሊላህ፣ አዲሱ ዙር ደርሷል። ሰኞ ትሄዳለች። እኔም ወደ ድስቴ። ልጆቹ ከአሁኑ «ፖርቹጋል መቼ ነው?» ይሉኛል። ፖርቹጋል የት እንዳለች እንኳ አላውቅም፤ ዶሮ ካላቸው ይበቃኛል።

...ምነው? ያንን ጉዳይ ነው? አውቃለሁ፣ ትናንት በሸጋው በኩልም ልከውብኛል። የእኒያ ደግ ሰው ልጅ ትዳር ልትይዝ ነው፤ ሙባረክ! ሙሽራው የሚኒባስ ሾፌር ነው አሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ልጅቱ ዳባት ቤት ተከራይተውላት ትኖራለች። እና ለኒካሑ ምግብ ያ የእኔ ማንዲ እንዲሆን ፈለጉ። እርስዎንም ሽማግሌ አድርገው ላኩ፤ እምቢ እንዳልል ፈርተው ነው? እኔ? እነግርዎታለሁ፤ ሳቄ ነው የመጣው። አንድ ጊዜ «የወንድ እጅ አይደለም» ያሉት እጅ፣ ዛሬ ለልጃቸው ሲሆን የወንድ እጅ ሆነ።

እሠራለሁ፣ ጋሽ አብዱሰመድ። እውነቴን ነው የምልዎት። ስጦታዬ ይሁን። ትላልቆቹን ድስቶች ከሱቅ አወጣለሁ፣ ፈይዛም ሩዙን ትለቅምልኛለች፤ «ለልጅቱ ነው፣ ልጅቱ ምን አደረገች?» ብላለች። እውነቷን ነው። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ እኛ ቤት ጨው ልትበደር መጥታ እንኳ አታውቅም። ምግቡ ይጣፍጣል፤ የሚያሳስበኝ ቢኖር ሰዉ በልቶ ሲያበቃ «ያቺ ባለሙያ የት አለች?» ብሎ እንዳይፈልጋት ነው።

ሄደው መልሴን ይንገሩልኝ... መንገርስ ባያስፈልግም። ግን ዱዓዬን አያስቀሩብኝ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይላሉ ክርስቲያን ወንድሞቻችን፤ ጠጁ ለእኛ ስለማይሆን እኔ ያለ ብርሌ፣ ያለ ምሳሌ፣ በቀጥታ ከልቤ ነው የምመርቃት። እጅዎን ይዘርጉልኝ።

አላህ ትዳሯን የሰመረ ያድርግላት። ቤቷ ሰው የሚገባበት፣ ድስቷ የሚሸት ይሁን። ባሏ መንገድ ላይ በዋለ ባደረ ጊዜ ደግሞ ብቸኝነት እንዳይሰማት፣ ዳባት ላይ፣ ከአጥሯ ማዶ... ልክ እንደ እሳቸው ያለ ጎረቤት ይስጣት።

አሚን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ አብዱሰመድ።